በተረከዟ የረገጠች ድመት

«ኧረ ይቺን ድመት እዩልኝ! ሰክራለች እንዴ?» አለች ጎረቤቲቱ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየ።

ድመቲቱ ከሟቹ መኝታ ክፍል እየወጣች ነበር። የኋላ እግሮቿን ግራና ቀኝ አንፈራጣ፣ እስከ ተረከዟ ድረስ ወለሉ ላይ ለጥፋ ትጎተታለች። አንዱ የፊት መዳፏ ወደ ውስጥ ታጥፎ በጀርባው ይረግጣል። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ተንገዳገደች፣ በጎኗ ወደቀች። አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው። ለቅሶ ቤት አራተኛ ቀኑን ሲይዝ ሳቅ ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

«አዝና ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እንስሳም ጌታውን ያውቃል።»

የሟቹ ልጅ ግን ክው ብላ ቀረች። ልብስ ሰፊ ናት።

አባቷ ጫማ ሰሪ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እግር ሲያዩ የኖሩ። መንገደኛ በመስኮታቸው ሲያልፍ አረማመዱን ብቻ አይተው «ይሄ ሰውዬ ወገቡን ያመዋል» ይላሉ። ሠፈሩ «ዶክተር ሶል» ነበር የሚላቸው። አንድ ቀን ድመቲቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እግሯን እየዳበሱ፣ «አየሽ፣ ድመት በጣቷ ነው የምትሄደው። ተረከዟ ይኸው፣ እላይ! ይሄ መሬት የነካ ዕለት አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው» አሏት።

«አባዬ ደግሞ! ለድመትም ጫማ ልትሰራ ነው?» ብላ ሳቀችባቸው።

አሁን አክስቷ ትዝ አሏት። «ራሴን ከበደኝ» ብለው እዚያው ክፍል በር ዘግተው ጋደም ካሉ ቆዩ፤ በሩን የከፈተችው ድመቲቱ ናት። አባቷም ከመሞታቸው በፊት ሁለት ቀን «ራሴን፣ ራሴን» ሲሉ ነበር። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ በሰባ ስድስት ዓመት ሰው ማን ይከራከራል? ክፍሉ ጥግ ላይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል። የእንግዳው ዕቃ ሲታጠብ ከጠዋት ጀምሮ ሲነድ ነው የዋለው። ከበላዩ የጭስ መውጫ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ብርድ እየገባ አባቷን ያስላቸው ነበር።

ወደ ክፍሉ ሮጠች።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ድረስልኝ!» ብላ ታላቅ ወንድሟን ተጣራች።

ክፍሉ ምንም አይሸትም፤ ይበልጥ ያስፈራትም እሱ ነው፤ የሚገድለው የጋዝ ጭስ ሽታ የለውም ሲባል ሰምታለች። አክስቷ ጉንጫቸው ቀልቶ ተኝተዋል። «እቴቴ! በናትሽ ተነሺ!» ብትነቀንቃቸው አንገታቸው ብቻ ወዲያና ወዲህ አለ። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ አክስቱን አፈፍ አድርጎ ወደ ግቢ ሮጠ። እሷ ማሞቂያውን አጠፋች፣ መስኮቱን በረገደች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ቀዳዳው ውስጥ የተወተፈውን በሁለት እጇ ነቀለች።

ግቢ ውስጥ አክስት አስታወኩ፣ ቃተቱ፣ ከዚያ «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታንገላቱኝ?» ብለው ተቆጡ። ለቀስተኛው እፎይ አለ። ድመቲቱንም አንዷ አቅፋ አወጣቻት።

ወንድሟ ተመልሶ መጣ። «ምንድን ነው የያዝሽው?»

በቀዳዳው ልክ የተሰፋ ክብ ትራስ ነበር። ጥጥ ተሞልቷል፣ ጠርዙ ድርብ ተሰፍቷል፣ አንዲት ክር አልዘለለችም። እንዲህ የሚሰፋ እጅ በሠፈሩ አንድ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሑድ ለት። ብርዱ እንዳያስለው ብዬ፣ በሜትር ለክቼ... ጋሼ፣ አባዬን እኔ ነኝ የ...»

«ዝም በይ!»

ኮቴ ተሰማ። ወንድሟ ትራሱን ነጥቆ ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው። ጎረቤቲቱ አንገቷን በበሩ አስገባች። «ምን ተገኘ?»

«ማሞቂያው ነው፤ አርጅቷል። ማንም እንዳይነካው» አለ። ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው «አባዬ በልቡ ነው የሞተው» ብሎ ጨመረ።

ጃኬቱን ሊቆልፍ ሞከረ፤ ትራሱ ገፍቶት አልገጥም አለው። እህቱ ጠጋ አለች። ደረቱ ላይ ያበጠውን በመዳፏ ጫን አድርጋ ይዛ፣ ቁልፎቹን ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችለት።