ፀጉር ቤት የተፈረደው ክርክር

ፀጉር አስተካካዩ ልጁን «ጠበቃዬ» እያለ ነው ያሳደጋት። ጥርስ ሳታወጣ መሟገት ጀምራለች ብትሉ ማጋነን አይሆንም። አድጋ ግን ጉድ አመጣች፤ አባቷ ዕድሜ ልኩን የደገፈውን ፓርቲ ትታ ለተቀናቃኙ ተወዳደረች። ደግነቱ አልተኳረፉም። በቴሌቪዥን የምትከራከርበት ቀን ሲደርስ እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ የኔ ሰዎች ብወድቅም ያጨበጭቡልኛል። አንተ ግን ዋሽተኸኝ አታውቅም። እንደጨረስኩ እደውላለሁ፤ እውነቱን ንገረኝ። ካልቻልኩበት እተወዋለሁ።»

«አንቺን ይንሳኝ፣ እነግርሻለሁ» አላት።

ምሽት ላይ ፀጉር ቤቱ ክርክሩን በሚያይ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ደንበኞቹ ሁሉ የአባትየው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ሰውዬ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ «ወንድ!» አሉ። እሷ አፏን ስትከፍት «ምን ትቀባጥራለች!» ተባለ። ሰውዬው ስለ ውሃ ተጠይቆ ስለ መንገድ አወራ፤ አጨበጨቡለት። «የተጠየቁት ስለ ውሃ ነው፤ እርስዎ ያስዘረጉት ቧንቧ እስከ ዛሬ ጠብታ አላመጣም» ስትለው ላቡን ጠረገ። ከደንበኞቹ አንዱ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ «መብራቱ ሞቆት ነው» አለ። እንዲህም አድርጎ መፍረድ አለ!

አባትየው መቀሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በልቡ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» አለ። እንባው ሲመጣበት ፎጣ የሚያጥፍ መስሎ ፊቱን አዞረ።

ስልኩ ጮኸ። «ድምፁን ልቀቀው፣ እኛም እንስማ!» አለ ሹፌሩ። ምን ነካው እንጃ፣ ለቀቀው።

«አባዬ፣ እንዴት ነበርኩ?»

ቀና ሲል፣ መስታወቱ ውስጥ ሁሉም እሱን ያያሉ። አብረውት ያረጁ ሰዎች ናቸው።

«አልሆነልሽም፣ ልጄ» አለ። «ሰውዬው በልጦሻል። በጣም ነው የበለጠሽ።»

ያቺን «በጣም» ምን አስጨመረው?

«እሺ አባዬ። አንተ ካልክ ልክ ነው» ብላ ዘጋች። ፀጉር ቤቱ በሳቅ አውካካ።

በማግስቱ ከውድድሩ መውጣቷ በሬዲዮ ተነገረ። ሹፌሩ ብቻውን ጢሙን ሊላጭ ተቀምጦ ነበር። ወደ በሩ ቃኘት አድርጎ፣ «እውነቱን እንነጋገር ከተባለማ፣ ልጅህ ሰውዬውን መግቢያ ቀዳዳ ነው ያሳጣችው። እንዴት እንደዚያ አልካት?» አለው።

«አንተስ ምነው ዝም አልክ?»

«እኔማ አባቷ ካለ ብዬ ነዋ!»

አባትየው ምላጩን ወርውሮ፣ የሰውየውን ጢም ግማሹን ላጭቶ ግማሹን በሳሙና ትቶት፣ ደጅ ወጥቶ ደወለ።

«ጠበቃዬ፣ አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው! ዋሽቼሽ ነው፤ አፈር ልብላ፣ ዋሽቼሽ ነው! ሰዎቹን አፍሬ ነው!»

ስታለቅስ እንደቆየች ድምፅዋ ያሳብቃል። የመለሰችለት ግን በፍቅር ነው፤ ብትቆጣው በተሻለው ነበር።

«ተው አባዬ። መውጣቴን ስትሰማ አንጀትህ አልችል ብሎህ ነው። አባት ነህና ታዳላልኛለህ። እኔ የማምነው የትናንቱን ነው።»

«ኧረ በሞትኩት! እውነቴን ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ስለምትወደኝ ነው። በል፣ ሥራ አላስፈታህ» አለችና ዘጋች።

ሹፌሩ ከውስጥ «ኧረ ሳሙናው ደረቀብኝ!» እያለ ይጣራል። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እውነቴን ነው፣ ልጄ፣ እውነቴን ነው» ይል ነበር።