ገና አንድ ካሴት ይቀራል

ጋሽ እንፋሎት ላውንደሪው ውስጥ ያንኑ ኦፔራ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከምሳ በኋላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ይተወዋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ሚስቱ ጠብቃ ጠብቃ ደክሟታል። ሰፈርተኛው እንፋሎት ያለው ከካውያው ጀርባ ጭጋግ ውስጥ ስለሚኖር ነው። ደንበኞች ፊቱን ሳይሆን ክንዱንና ማንጎራጎሩን ነው የሚያውቁት።

ኦፔራው የጣልያን ነው። በአራት ካሴት ተቀድቷል፣ በየካሴቱ አንድ ገቢር። ርዕሱ ረጅም ስለሆነና አፍ ስለሚያስር ጋሽ እንፋሎት "ኦፔራዬ" ብሎ ገላግሎታል። ጣልያንኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ይኸ ግን ታሪኩን ለመጣው ለሄደው ከመተረክ አግዶት አያውቅም። ከካሴቶቹ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ድሮ የትምህርት ቤት ታይፒስት የነበረችው ሚስቱ አንብባ ነገረችው። ወረቀቱ ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ጋሽ እንፋሎት ግን የነገረችውን አንድም አልረሳም።

"አባትየው" ይላል ኮሌታ እየተኮሰ፣ "ለመርከቦች መብራት የሚያበራ ሰው ነው፤ ባሕር ዳር ማማ ላይ ነው የሚኖረው። አንድ ልጅ ብቻ አለችው። በመጀመሪያው ካሴት መርከበኛ ትወዳለች። በሁለተኛው ሰው ነገር ያስገባና ይጣላሉ። በሦስተኛው ልጅቷ ትታመማለች፣ ትወድቃለች፤ አባትየው ሞተች ብሎ ጉድ ይሆናል። በአራተኛው ትነሣለች፣ ትዳራለች።"

"ጋሼ፣ ሞታ እንዴት ነው የምትነሣው?" የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም።

"ማነው ሞተች ያለህ? ራሷን ሳተች እንጂ። ደግሞ እየሞተ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚዘፍን ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያውም በዚያ ድምፅ?"

አይቻለሁ የሚል ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም።

ሥራው ሁሉ በካሴቱ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሸሚዝ፣ በሁለተኛው ሱሪ ይተኩሳል። በሦስተኛው አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ብቻ ነው፤ ዐይኑ እንባ ሲሞላ አንሶላ ይችላል፣ የሐር ሸሚዝ አይችልም። ሱፍ ልብስ ለመውሰድ የቸኮለ ሰው ሲመጣ ሚስቱ ከባንኮኒው ጀርባ ጆሮዋን ቀና ታደርግና "ሦስተኛው ላይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ዞር ዞር ብለህ ና" ትላለች። ሰውም ለምዶታል።

አራተኛው ካሴት ሲገባ ሙሽራ ቀሚስና ሙሉ ልብስ ይወጣል። ሠርግ ነዋ! ጭፈራው፣ ብርጭቆው፣ የሕዝቡ ድምፅ። መሐል ላይ የአባትየው ወፍራም ድምፅ ብቻውን ሲገባ ጋሽ እንፋሎት ካውያውን መቀመጫው ላይ ያቆመዋል፣ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ዝም ብሎ ይሰማል። "ልጄ ተነሣችልኝ ነው የሚለው" ብሎ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይተረጉማል። ከዚያ ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል።

በኦፔራው ላይ ያለው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። ካሴቶቹ የተቀዱት ከቲያትር ቤት ነው፤ የተመልካቹ ሳል ሳይቀር ይሰማል። በሦስተኛው መጨረሻ፣ ልጅቷ እንደወደቀች፣ ያ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ አራት ደቂቃ ያጨበጭባል፣ ይጮኻል፣ ያፏጫል። በአራተኛው መጨረሻ ደግሞ ጨብ ጨብ አድርጎ ይተዋል።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" ይላል በቀን ሁለቴ። "ገና አንድ ካሴት ይቀራል እኮ! ትንሽ አይታገሡም?"

ሚስቱ ይኼኔ ሁልጊዜ ደረሰኝ ላይ አቀርቅራ የምትጽፈው ነገር አታጣም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መጣች። ነጭ ሸሚዝ ብቻ የምታስተኩስ፣ ዝግ ብላ የምታወራ ወጣት ናት። ሸሚዞቿን ተቀብላ አልሄድ አለች።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንባቢዎቻችን ይሰበሰባሉ። አንድ ሰው ስለሚወደው ነገር ይናገራል። ስለ ኦፔራው ቢያጫውቱን?"

"እኔ?"

"ካሴቶቹንም ይዘው ይምጡ። አሳዛኝ ኦፔራ ነው አሉ።"

"እስከ ሦስተኛው ካሴት አሳዛኝ ነው" አለ ጋሽ እንፋሎት፣ እየተጠነቀቀ።

"ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህርም ይመጣሉ። ጣልያንኛ አቀላጥፈው ነው የሚናገሩት፤ በጣም ይደሰታሉ።"

ጋሽ እንፋሎት በሕይወቱ ሰው ፊት ቆሞ የተናገረው ትልቁ ንግግር "ሐሙስ ይደርሳል" የሚለው ነበር። አሁን የተማረ ሰው ተሰብስቦ ሊሰማው ነው። የሚያደርገው ጠፋው። የንግግሩን ረቂቅ ባልተወሰዱ ልብሶች ደረሰኝ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ማክሰኞ ዐሥራ አራት ደረሰኝ ደረሰ። ረቡዕ የራሱን ሙሉ ልብስ ሦስት ጊዜ ተኮሰው። የሱሪው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል።

ሚስቱ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሰው አልሆነችም። ቁጥር ተሳስታ የማታውቅ ሴት፣ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ለሰፈሩ ዘበኛ አስረከበች። ዘበኛውም ጨዋ ሰው ነውና ፈርሞ ወሰደ። መምህሩ ጣልያንኛ አቀላጥፈው ነው የሚናገሩት። ባሏ ደግሞ እዚያ ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ በተተኮሰ ልብስ፣ ልጅቷ ተነሣች ሊል ነው።

ዓርብ ጠዋት በሩን ከውስጥ ዘጋች፣ "ዝግ ነው" የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠች፣ መጥታ ቴፑን ጠቅ አድርጋ አጠፋች። ሦስተኛው መሐል ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ የደፈረ ሰው የለም።

"ነገ አትሂድ" አለች።

"ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ሰው ይስቅብሃል። አራተኛው ካሴት አራተኛ አይደለም።"

"ምንድነው ታዲያ?"

"ሁለተኛ ነው። ሠርጉ የሚሆነው ከመሞቷ በፊት ነው።"

"ከመሞቷ?" አለ ጋሽ እንፋሎት። "ራሷን ነው እኮ የሳተችው።"

"ትሞታለች። ተጋብተው፣ ሰው ነገር አስገብቶባቸው፣ ተጣልተው፣ ትሞታለች። እዚያ ላይ ያልቃል።"

ወደ ልብስ መስቀያው ጫፍ ሄደች። እዚያ ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ አንድ አሮጌ ካፖርት በላስቲክ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል። ካሴቶቹ የተገኙትም ከሱ ኪስ ነው። ላስቲኩን ገልጣ ከውስጥ ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። የጠፋው ወረቀት ለካ ከመጣበት ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ እንፋሎት ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይችል ብዙ አልቆየበትም። ካውያው እስስስ ይላል።

"ጭብጨባው!" አለ በድንገት።

"አዎ።"

"ለካ አልቆ ነው።"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያን ሰዎች ሳማ ኖርኩ!" ከዚያ ፊቱ ቀላ። "አንቺ ሴት፣ ምን በደልኩሽ? ለሰው ሁሉ ስተርክ፣ ስከራከር፣ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ? መሳቂያ አደረግሽኝ እኮ! ምን ቆርጦሽ ነው?"

ሚስቱ ባንኮኒው ላይ የሌለ አቧራ ጠረገች።

"ልጃችን የሞተች ዓመት ነው" አለች።

ስለዚህ ነገር በዚህ ቤት አይወራም። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ታማ በአርባ ቀን ሄደች።

"አራት ወር ቃል አልተነፈስክም። ትመጣለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ትሄዳለህ። አንድ ጊዜ ስምህን ብጠራህ ዞረህ አላየኸኝም። እሷን ቀብሬ አንተን ደግሞ በቁምህ ልቀብርህ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ያ ካፖርት መጣ። የመጀመሪያውን ካሴት ከፈትክ። እኔ ደረሰኝ እየጻፍኩ፣ ከኋላዬ አንጎራጎርክ። እጄ ቀጥ አለ። ባሌ መጣ አልኩ።"

"እሺ።"

"ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቱን አነበብኩት። መጨረሻው ላይ አባትየው ልጁን ታቅፎ ብቻውን ይቀራል። ያንን እንዴት አድርጌ ላሰማህ? ቁጥሮቹን ልጬ ሌላ ለጠፍኩባቸው። አንተም በእንፋሎት ተልጠው ነው ብዬ ስነግርህ አመንከኝ። በቃ ይኸው ነው።"

"ሦስተኛውን ግን አሰማሽኝ።"

"እሱን ደብቄ ምን እላለሁ? ትሰማዋለህ፣ ታለቅሳለህ። ማልቀስ ነበረብህ። ከኋላው ሠርጉ አለልህ።"

ጋሽ እንፋሎት ወረቀቱን አጣጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ መልሱን እየፈራ፣ ጠየቀ።

"አባትየው ሠርጉ ላይ... ልጄ ተነሣችልኝ አይደለም የሚለው?"

"ለእንግዶቹ ወይን ቅዱ ነው የሚለው።"

ካውያውን አነሣ። አንሶላ ዘረጋ፣ አንድ ጊዜ ገፋ፣ ሁለት ጊዜ ገፋ። ሦስተኛው ላይ ሆድ ባሰውና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሚስቱ መጣችና ካውያውን ከእጁ ወስዳ መቀመጫው ላይ አቆመችው፤ አንሶላው እንዳይቃጠል። ከዚያ እሷም አለቀሰች። ውጪ ሰው በር ሲያንኳኳ "ሦስተኛው ላይ ነን!" ብላ ጮኸች፤ ሰውየውም ገብቶት ሄደ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበሩ። ሚስቱ አልመጣም ብላ ስታበቃ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች። ሃያ አንድ ሰው መጥቷል። መምህሩ ከፊት ናቸው፤ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ኮታቸው ያልተተኮሰ ሰው። ጋሽ እንፋሎት ደረሰኞቹን ኪሱ ትቶ ቴፑ አጠገብ ቆመ።

"ኦፔራው አሳዛኝ ነው" አለ። "ልጅቷ ትሞታለች። እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።"

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሽ እንፋሎት ፈገግ ሳይል ሲጠብቅ፣ ሳቁ ቆመ። ከየካሴቱ ቁራጭ እያሰማ፣ በትክክለኛው ተራ፣ ሳያጋንን ነገራቸው፤ መዋደዳቸውን፣ መጋባታቸውን፣ መጣላታቸውን። የሠርጉን ካሴት ከጭፈራው ትንሽ ብቻ አሰምቶ አወጣው። መምህሩ ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቁ ነበር። የመጨረሻውን ገቢር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰማቸው። ልጅቷ አሥራ አንድ ደቂቃ ዘፈነችና ሞተች። አባትየው አለቀሰ። የቲያትር ቤቱ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ጋሽ እንፋሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ጭብጨባውን ሳይቆጣ እስከ መጨረሻው ሰማው።

የቤተ መጻሕፍቱም ሰዎች አጨበጨቡ። ወንበር ተንኳኳ፣ ቦርሳ ተነሣ።

"ተቀመጡ" አለ ጋሽ እንፋሎት። "ገና አንድ ካሴት ይቀራል።"

የሠርጉን ካሴት መልሶ አስገባ፣ አሳልፎም አባትየው የሚገባበት ጋ አደረሰው። መምህሩ እጃቸውን አወጡ።

"ይቅርታ፣ ይኸ እኮ ሁለተኛው ገቢር ነው።"

"አውቃለሁ መምህር። በእኛ ቤት አራተኛ ነው። ልጃችን የሞተች ጊዜ ሚስቴ እዚህ አድርጋ አዘዋወረችው። በዚያ ነው እዚህ የደረስኩት።"

የተነሣው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ጭፈራው በረድ አለ፣ የአባትየው ወፍራም ድምፅ ብቻውን ገባ። ጋሽ እንፋሎት እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ቆመ፤ ዛሬ ሊተረጉም አልደፈረም። ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት ወደ መምህሩ ጠጋ ብለው፣ ሹክ ያሉ መስሏቸው፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ጠየቁ።

"ምን እያለ ነው ሰውየው?"

መምህሩ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ከኋላ ረድፍ የሚስቱ ድምፅ መጣ፤ ደረሰኝ ቁጥር በምትጠራበት በዚያው ድምፅ።

"ልጄ ተነሣችልኝ ነው የሚለው።"

መምህሩ ዞረው አዩዋት። ከዚያ ጋሽ እንፋሎትን አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ባልተተኮሰው ኮታቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

"ትርጉሙ ልክ ነው" አሉ ለአሮጊቷ።