የእማዬ ነፃ መስመር

ሰው ሁሉ እኛን ሲያነሳ "እነዚያ ፍራሽ ሰፊዎቹ" ይላል። ፍራሽማ ማንም ይሰፋል! የኛ ቤት ሀብት የስልክ ቁጥሩ ነበር። ስምንት መቶ፣ ከዚያ ጣትህ እስኪደክም ሰባት። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዴ የሰማው ሰው ልርሳው ቢልም አይችልም።

አባታችን ያንን ነፃ መስመር ሲያወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። "ሌላው ደውሎ አንተ ልትከፍልለት? ምን ነካህ ሰውዬ?" አሉት። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ከየት ከየት የሚደውለው ሰው በዛ። ሳንቲም የሌለውም፣ ሳንቲም የሚሰስተውም፣ ዝም ብሎ ወሬ ያማረውም ይደውላል፤ ከደወለ ደግሞ ሳያስበው ፍራሽ አዝዞ ይዘጋል። ስልኩን የምታነሳው እማዬ ነበረች። አባዬ ከሞተ በኋላም፣ እኔ ወንበሩን እስክረከባት ድረስ፣ ያቺን ስልክ እንደ ጡት ልጅ ከአጠገቧ ለይታት አታውቅም።

ከቤት ስትወጣ ደግሞ የድርጅቱን ካርድ በኪሷ ሞልታ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታድላለች። "ኧረ እማዬ፣ ሰው አልቅሶ ሳያበቃ?" ስላት፣ "ያለቀሰ ሰው ጎኑን አያሳርፍም እንዴ?" ትለኛለች።

ከዚያ መርሳት መጣባት። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ፣ ቀጥሎ ስማችንን። ቁጥሩ ግን ወይ ፍንክች! ስትጠፋ ያገኘችው ሱቅ ትገባና "አንድ ስልክ ደውልልኝ፣ አይቆጥርብህም" ትላለች። የማይቆጥር ስልክ ማን ይከለክላል? እኔ አነሳለሁ።

"እማዬ፣ የት ነሽ?"

"እኔ ምን አውቄ! ቆይ ለባለሱቁ ልስጥሽ።"

ባለሱቁ ያለችበትን ይነግረኛል፣ ሄጄ አመጣታለሁ። እንዲህ ሆነን ስንኖር እሷም ቤት አልታሰረችም፣ እኔም በሐሳብ አላበድኩም።

ታላቅ ወንድሜ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። የስፖንጅ ፍራሽ በየመንገዱ ሞልቶ የኛ ሥራ ቀዝቅዟል። አንድ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ይዞ መጣ፤ ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ድርጅት ወኪል ነው። ሰውዬው ፍራሾቹን ዞር ብሎም አላያቸው። "እንዲህ ያለ ቁጥር ዛሬ ከየትም አይገኝም" አለን። "ቀላል ቀላሉ ሁሉ ተይዟል፣ የቀረው ዝብርቅርቁ ነው። ደንበኛው ካላስታወሰው ደግሞ ነፃ ሆነ አልሆነ ምን ይጠቅማል?" አፉ ማር ነው።

ገና በሩን ሳይሻገር ደሜ ፈላ።

"እናትህን ልትሸጥ ነው!" አልኩት ወንድሜን።

"አንቺ ደግሞ! የምሸጠው ቁጥር ነው።"

"ብትጠፋስ?"

"አዲሱን እናስጠናታለን። እነዚህን ሁሉ ሠራተኞች ሜዳ ላይ ልበትናቸው?"

እውነቱን ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ቁጥሩ ተሸጠ።

ለኛ የደረሰን አዲስ ነፃ ቁጥር እኔ ራሴ ወረቀት ካላየሁ የማልለው ነው። ጠዋት ጠዋት እማዬን እናስጠናታለን። እንደ ተማሪ እጇን አጣጥፋ ታዳምጣለች፤ "በይ እስቲ ድገሚው" ስንላት "ስምንት መቶ፣ ሰባት፣ ሰባት..." ብላ ትቀጥላለች። በመጨረሻ ወንድሜ መላ አገኘሁ አለ። አዲሱ ቁጥር የታተመበትን የድርጅቱን ካርድ በካፖርቷ ኪስ ሞላው። "ከጠፋች ለባለሱቁ ታሳያለች" አለ። እኔም ደግ ነው ብዬ ተስማማሁ። ጉድ እኮ ነው፣ የገዛ እናታችንን አናውቃትም ኖሯል!

አንድ ጠዋት ታጥቤ ስወጣ እማዬ የለችም። ካፖርቷም የለም። ስልኩ ላይ አፈጠጥኩ። ሲጮህ ዘልዬ አነሳሁት።

"ፍራሽ ቤት ነው? አንዲት እናት መንገድ ላይ ካርድ ሰጥተውኝ..."

"ዛሬ ሥራ የለም!" ብዬ ጠረቀምኩት።

ወዲያው ሌላ ተደወለ። "ፍራሽ ትሰፋላችሁ አሉ፤ አንዲት ሴትዮ ካርድ ሰጡኝ..." ያኔ ነው የገባኝ። እማዬ ካርዱን እያደለች ነው። ልማዷ ነዋ!

ጥሪውን ወደ ሞባይሌ አዞርኩና ከወንድሜ ጋር መኪና ውስጥ ገባን። ለደወለው ሁሉ "ሴትዮዋን የት አገኟት?" እላለሁ። አንዱ አውቶቡስ ማቆሚያ ጋ፣ አንዷ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሌላው ከድልድዩ ማዶ። እየተከተልናት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አልፋ ሄዳለች። ወንድሜ መሪውን እየደበደበ "እንዲህ ደንበኛ ጎርፎልኝ አያውቅም" አለ። ሊስቅ ነበር፣ አለቀሰ።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ካርዱ አልቋል ማለት ነው።

ጨነቀኝና የድሮውን ቁጥር ደወልኩ። "ዕቃ ለማዘዝ አንድን ይጫኑ። ያዘዙት ዕቃ ከዘገየ ሁለትን ይጫኑ..." ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ፣ የማሽን። ያልተጫንኩት ቁልፍ የለም፤ ሰው የሚባል የለበትም።

ሱቅ ለሱቅ ስንጠይቅ ውለን ያገኘናት ከሰዓት፣ አንድ መስታወት ቆራጭ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ባለሱቁ እኔን ሲያይ እፎይ አለ። "ስልክ ሰጥቻቸው ነበር" አለኝ። "ደጋግመው ደወሉ። 'ልጄ፣ እኔ ነኝ' ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይዘጋሉ። እኔ ላናግርልዎ ብል እንቢ አሉ። ኋላ ማልቀስ ጀመሩ።"

ከፊቷ ቁጭ አልኩ። እንግዳ ሰው እንደሚያዩ አየችኝ።

"ልጄ ሞታብኛለች" አለችኝ።

"ኧረ እማዬ! ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝ። ደወልኩ፣ ሌላ ሴት አነሳች። ልጄ በሕይወት ብትኖር ያንን ስልክ ለሰው አትሰጥም።"

"አፈር ስሆን እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ ልጅሽ!"

ጉንጬን ዳበሰችው። "ደግ ነሽ" አለች፣ "ልታጽናኚኝ ነው።"

ወንድሜ ሄዶ ቁጥሩን መልሱልኝ ብሎ ለመናቸው። ወኪሉ እንኳን ሊመልስ፣ "በየአውቶቡሱ ላይ ተለጥፏል እኮ ወንድሜ" አለው። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ከእማዬ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም። ልቆጣው አስባለሁ፣ አንጀቴን ይበላኛል።

ሁሉን የምትረሳው እናቴ ይህችን አልረሳችም። ጠዋት ስትነሳ ለእኔ ታለቅሳለች። በዕድሜዋ ብላኝ የማታውቀውን ሁሉ ስለ እኔ ለእኔው ትነግረኛለች። "ግልፍተኛ ነበረች" ትላለች፣ "አፏ አያርፍም። ግን ስደውልላት አንዴም አስጠብቃኝ አታውቅም።" እኔ ፊቷን አብሳለሁ፣ ቁርሷን አቀርባለሁ፣ እሷ ታመሰግነኛለች።

ባለፈው አልቻልኩም። እሷ ስታለቅስ እኔም ተንሰቀሰቅሁ። ለቅሶዋን አቋርጣ አየችኝ።

"አንቺም ሰው ሞቶብሻል እንዴ?"

"አዎ።"

"ማን?"

"እናቴ" አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

"ውይ፣ የኔ ልጅ!" አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።