ከቀኝ የተገለጠው ያሲን

ሀዲያ ያሲን የሚባለውን የቁርአን ምዕራፍ፣ ሱራውን፣ በቃሏ ትወጣዋለች። አባቷ ሐጂ ሙሐመድሰዒድ፣ የዳንግላው ጨርቅ ነጋዴ፣ ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ ቃል በቃል እያስከተሉ ነው ያስሐፈዟት። ወንድሟ መርዋን ግን ገልጦ፣ ከመጽሐፉ እያነበበ ቀራ። እሷ ዐይነ ስውር ናትና ምኑን ትገልጠዋለች? ተምራ መምህርት ሆነች፤ አማርኛው በጣቷ፣ እንግሊዝኛው በጣቷ። ዐረብኛው ብቻ ቀረ።

ዘንድሮ ሐጂ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ልባቸው ደክሟል ተባለ። «ሀዲዬ፣ እንግዲህ እኔ ሂያጅ ነኝ። አንድ ጊዜ ገልጠሽ ስትቀሪ ልስማሽና ሌላ ምንም አልፈልግ» አሏት። አባት እንዲህ ብሎ ለምኖ እንቢ ይባላል? ደውላ፣ አስደውላ፣ በብሬል ከታተመው ቁርአን ያሲን ያለበትን ጥራዝ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣች። ከመናኸሪያ ቤት ያደረሳት ባለጋሪ «መምህርት፣ ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ ትራስ?» አላት። አልዋሸም፣ ትራስ ያህላል።

ታጥባ፣ ውዱዕ አድርጋ ተቀመጠችና ከቀኝ ገለጠችው። ቁርአን ከቀኝ እንደሚገለጥ ማን ያጣዋል! ጣቷንም ከቀኝ ወደ ግራ ነዳችው። ምንም የለም። ነጥቡ አለ፣ ቃሉ የለም። ገጽ ቀየረች፣ ያው ነው። ለካ ዐረብኛው ከአማርኛው ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም ብላ ተስፋ ቆረጠች። ከጓዳ አባቷ ሲያስሉ ስትሰማ እንባዋ መጣ።

መርዋን አዘነላት፤ ግን ሱቅ ያሳደገው ሰው ነው፣ መፍትሔው ቅርብ ነው። «አንቺ ደግሞ! ጣትሽን ነጥቡ ላይ አድርጊና በቃልሽ በዪው። ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለችው በቁጣ። ይሁን እንጂ ነገሩ ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አባቷ ደስ ብሏቸው ቢሄዱ ምን ነበረበት?

በማግስቱ እንጅባራ ላለችው ለማስተዋል ደወለች። ማስተዋልም ዐይነ ስውር ናት፤ አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ ምላሷ አያርፍም። ሀዲያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ቆይ ቆይ፣ ከየት ወዴት ነው የምታነቢው?»

«ከቀኝ ነዋ! ዐረብኛ አይደል?»

ማስተዋል ሳቋ አላቆም አለ። «አንቺ! ነጥቡ መስገጃ ነው እንዴ አቅጣጫ የሚመርጠው? ብሬል በዐረብኛም ቢጻፍ፣ በዕብራይስጥም ቢጻፍ፣ በእኛ በአውንጊም ብትጽፊው ከግራ ነው። በይ መጽሐፉን አዙሪው!»

ስልኩን እንኳ በወጉ አልዘጋችውም። ከወዲያ በኩል ገለጠች። እዚያ፣ መጨረሻ ነው ባለችው ገጽ ላይ፣ ፊደሎቹ ከአሊፍ ጀምረው በተራ ተደርድረዋል። ተራውን በቃሏ ታውቀዋለችና እየጠራች ዳሰሰችው። «ባ» የአማርኛው «ብ» ናት፤ ሚሙም፣ ኑኑም፣ ሲኑም የምታውቃቸው ናቸው። አንዳንዱ ግን ባዳ ነው፤ በአማርኛ ያልነበረ ወይም ሌላ ድምፅ የነበረው። ባዳዎቹን እስክትለምድ ጁምዓ ደረሰ።

ጁምዓ ከሰዓት ሐጂን በትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። ሀዲያ ጥራዙን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። ጣቷ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ምላሷማ ሱራውን ያውቀዋል፤ ቀድሟት ልሩጥ ይላል። አንዴ አምልጧት ከጣቷ ሦስት ቃል ቀድሞ ሄደ። አፏን ያዘች፤ ጣቷን መለሰችና ከቆመችበት እንደገና ጀመረች። ላቧ ጠብ አለ። አንዲት አንቀጽ እስክትወጣ ሻይ ይፈላል።

መርዋን የአባቱን ትንፋሽ እያየ ተጨነቀ። ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «አባዬ እየደከሙ ነው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ በቃልሽ ጨርሺው» አላት።

ሹክ ያለ መስሎት ነው እንጂ ሐጂ ሰምተዋል።

«ተዋት!» አሉ፤ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ። «በቃሏ ቢሆን እስካሁን ጨርሳው ነበር። አትሰማም ስትደናቀፍ? ልጄ እየቀራች ነው።»

ሀዲያ ቀና አላለችም። እንባዋ ነጥቦቹ ላይ እንዳይወርድ በነጠላዋ ጠረገችና ጣቷን ወደሚቀጥለው መስመር፣ ወደ ግራው ጫፍ መለሰች።