ቁልቁለቱን የወረደ ሽቶ

አሪፋ የቀኝ እጇን አንጓ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ባለችበት ቀረች። ጣርማ በርን ጉም ውጦታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ ግን ጉሙንም ብርዱንም ረሳች። እናቷን ነበር ያሸተተችው።

«ያ ረቢ!» አለች። እናቷ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ለዒድ ከሳጥን የሚያወጡት ሻሽ ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው። «ከየት አመጣኸው?»

«እትዬ፣ ልብ የሚይዝ ዕቃ እኔ ዘንድ አይጠፋም» አለ ሽቶውን የቀባት ሮቤል። ከአዲስ አበባ የቅባት ሽቶ እየጫነ ለሱቆች የሚያከፋፍል ወጣት ነው፤ ከአፉ ማር ጠብ ይላል። «ዛሬ የሸተተዎት ከዓመት በኋላም ያው ነው። እሺ ይበሉኝና ካርቶኑን ልጫንልዎት።»

«እስቲ ሸዋ ሮቢት ውረድና ሽቶ ሱቄ ቁጭ ብለን እናሽትተው።»

«ኧረ እትዬ! የእናንተን ሙቀት ማን ይችለዋል? የእኔ ድንበር እዚህ ነው።» ሳቀና አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ለናሙና ሰጣት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ትስማማ ነበር። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ! አምና ደብረ ብርሃን ወጥታ፣ በዚያ ቁር አሽትታ በገዛችው ሽቶ አንዲት ሙሽራ ቀባች። ሮቢት በጠራራ ፀሐይ ጭፈራው ሲጋጋል ሽቶው ሆምጥጦ ቁጭ አለ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። አቤት የዚያን ቀን ውርደት! ከዚያ ወዲህ ሙሽራ የሚባል ወደ ሱቋ ዝር ሳይል ከረመ። የጎረቤቷ ልጅ ናጅዋ ብቻ «ከእትዬ አሪፋ ሌላ ማንም አይቀባኝም» ብላ ሙጭጭ አለች። ኒካሑ እሑድ ነው። ይኼም ከተበላሸ ሱቁን መዝጋት ነው፤ አሪፋ ደግሞ ሌላ እንጀራ የላትም።

ስለዚህ ዘንድሮ ዘዴ ዘይዳለች፤ ሁለት ሽቶ በሁለት እጇ ቀብታ ቆላ ድረስ ወርዳ ልታመዛዝን ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ በግራ አንጓዋ ላይ የካራቆሬው ነጋዴ ጋሼ ሙሄ ትናንት የሰጧትን ሽቶ ቀባች። ሽማግሌው ሲሰጧት እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ይኼ የዘንድሮው ነው፤ ከአምናው ቀጠን ይላል። ሳልነግርሽ እንዳልሸጥልሽ። ብርድ ላይ ደግሞ ትንፍሽ አይልም።» እውነታቸውን ነው፤ ትንፍሽ አላለም።

መኪናው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገባ ጨለመ። አሪፋ ቀኝ እጇን አሸተተች። እናቷ ከጎኗ መጥተው ተቀመጡ፤ ሻሻቸው ጉንጯን ነካ አደረጋት።

«አሪፍዬ፣ እህል ቀመስሽ?» ሲሏት ሰማች።

ከዋሻው ሲወጡና ደብረ ሲና ከታች ብቅ ስትል እናቷ አብረዋት ነበሩ። የደብረ ሲናን ቆሎ ሻጮች ሲያልፉም አብረዋት ነበሩ።

ሹፌሩ ካሳሁን በመስታወቱ አያት። «እትዬ አሪፋ፣ ደህና ነዎት? እጅዎን እየሳሙ እኮ ነው!»

«አንተ መንገድህን እይ! ደግሞ ቀስ በል፣ ምን ያጣድፍሃል?» አለችው። ቁልቁለቱ ባያልቅ ደስ ባላት።

አርማንያ ላይ ሹራቧን አወለቀች። መስኮቶቹ ተከፈቱ፤ የማሽላ ማሳውን አቋርጦ የመጣ ሞቃት ነፋስ ገባ። ቀኝ እጇን እንደገና ስታሸትት እናቷ ራቅ ብለዋል፤ ከጓሮ እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸው ብቻ ነው የሚመጣው። ሮቢት መግቢያ ላይ ያም ጠፋ። አንጓዋን ደጋግማ አሻሸችው። እናቷ አልተመለሱም። ላቧን ጠርጋ አንገቷን ደፋች።

ናጅዋ ሱቁ በር ላይ ስትጠብቃት ነበር። አሪፋ ምንም ሳትነግራት ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችላት።

«ውይ! ይኼስ የተቃጠለ ፌስታል ነው!» አለች ናጅዋ ቀኙን ገፍታ። ግራውን አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች፤ እጇንም አልለቀቀችም። «እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው? ቀጠን ይላል እንጂ ወላሂ ደስ ይላል።»

«ይቀጥናል። ሰውየው ራሳቸው ነግረውኛል።»

አሪፋም አሸተተችው። ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብሎ የመጣው ሽቶ ሙቀቱ ሲነካው ገና አፉን መፍታቱ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ሮቤል ነበር። «እህ እትዬ፣ ልጫን?»

አሪፋ ቀኝ እጇን አየች። «ለራሴ የሚሆን ጥቂት ብቻ ብትሸጥልኝስ?»

«በብልቃጥ አልሸጥም እትዬ፣ ሙሉ ካርቶን ነው። ከወሰዱ ይውሰዱ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ይጠብቀኛል።»

ናጅዋን አየቻት። ልጅቱ ያለ ስጋት የቀለበት ጣቷን እያሻሸች ቆማለች።

«እንግዲያው ይቅር ልጄ» አለች አሪፋ። «ሽቶህ እንዳንተው ነው፤ ቆላ አይወርድም።»

ወዲያው ለጋሼ ሙሄ ደወለች። «ጋሼ፣ ያንኑ ቀጭኑን ይዘውልኝ ይምጡ። እሑድ ሙሽራ አለችኝ።»

ናጅዋ ስትሄድ አሪፋ የሮቤልን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች። ክዳኗን ልትከፍት ጀመረችና ተወችው፤ ይልቅ አጥብቃ ዘጋችው። ደጋ ስትወጣ ብቻ በምትለብሰው ሹራብ ኪስ ውስጥ ከታ፣ ሹራቡን አጣጥፋ ከውሃው እንስራ አጠገብ ካለው ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።