ውሃ የሚሻ ክኒን

ታንጉት ፖፖውን ልትደፋ ወደ ደጅ ስታወጣው ክው አለች። የልጇ የማህሌት ሽንት ደም ሆኗል።

እየሮጠች ነርሱን ንጉሴን ጠራችው። ጤና ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ እዚያው መርሳ ከተማ ቤቱ ተቀምጧል።

"ውሃ ትጠጣለች?" አለ ማህሌት የምትውጠውን ክኒን እያገላበጠ።

"ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ።"

"እትዬ፣ ይህ እኮ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። ካንሰርም የሚታከምበት ብርቱ መድኃኒት።"

"ካንሰር ነው እንዴ ልጄን የያዛት?"

"አይደለም። የእሷን ኩላሊት የሚወጋው የገዛ ሰውነቷ ነው፤ ክኒኑ እሱን ያስታግሳል። ግን በብዙ ውሃ ካልታጠበ የሽንት ፊኛን አቃጥሎ ያደማል። ደሴ ሐኪሙ አልነገራችሁም?"

ነግሯቸዋል። ታንጉት በጆሮዋ ሰምታለች። ጦርነቱ ገብቶ መብራት ሲጠፋ ግን ቧንቧውም ደረቀ፤ ውሃ ከወንዝ በጀርባ ሆነ። ማህሌት "እማዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" ባለች ቁጥር "ግመል ነሽ እንዴ? ወገቤ ተቆርጦ ያመጣሁትን!" ትላት ነበር። ልጅቷ መጠየቅ ተወች።

ደግሞስ ወንዝ ምን አስኬዳት? ከአጥሩ ማዶ የከድጃ ጉድጓድ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይቀዳል። ታንጉት ብቻ በአንድ ክንድ ወሰን ተጣልታ "ከሷ ከምቀዳ ጉሮሮዬ ይድረቅ" ብላለች። የደረቀው ግን የሷ ጉሮሮ አልነበረም።

"ሐኪም እስኪያያት ክኒኑ ይቁም" አለ ንጉሴ። "ውሃ ግን እያፈላችሁ፣ ሳታቋርጡ!"

ጀሪካን አንጠልጥላ የከድጃን በር አንኳኳች።

"ዐጂብ! ታንጉት በኔ ደጅ?"

"ውሃ ፈልጌ ነው። ማህሌት ታማብኛለች።"

"ያን ሰሞን በአጥር አንድ ጆግ ባቀብላት ደፍተሽ አልመለስሽልኝም?"

"ደፍቻለሁ" አለች ታንጉት መሬት መሬት እያየች።

ከድጃ ጀሪካኑን አየት አደረገችው። "ይሄን አልሞላልሽም። አውቅሻለሁ፤ ነገ ደግሞ በኩባያ ትለኪባታለሽ። ልጅቱን ራሷን አምጪልኝ። እኔ ዘንድ ተኝታ እንዳሻት ትጠጣ።"

ታንጉት በዕድሜዋ መልስ አጥታ አታውቅም። ዛሬም አላጣችም፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ጀሪካኑን አስቀመጠች።

"በይ እንሂድ። ፍራሿን እኔ እሸከማለሁ፤ እሷን አንቺ ደግፊያት" አለች። "ቢጠማትም እኔን አትጠይቅም።"