አታስለቅሷት

"አየሽ? ዓይኗ እንኳ አልረጠበም!" አለች ገለቴ፣ የሟች እኅት፣ ድምጿን ሳትቀንስ። "እሷ አዲስ አበባ ስትንሸራሸር ወንድሜን አፈር በላው።"

ማን ይሰማኛል ብላ ትንሾካሾክ? የሟች ሚስት ደብሪቱ ደንቆሮ ናት፤ አገር ያውቃል። ደብሪቱ ግን ዳሱ ጥግ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማች። እግዚኦ! ስምንት ዓመት የናፈቀችው የሰው ድምፅ ይሄ ይሁን?

መስማቷ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት አፈረች። ከሁሉ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሩሲያዊ ሐኪም ከጆሮዋ ውስጥ የደነደነችውን ትንሽ አጥንት አውጥቶ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከተካላት ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። "ስድስት ሳምንት እስኪሞላ እንዳትጮኺ፣ እንዳትዘልዪ፣ እንዳትናፈጪ። ሽቦው ከቦታው ከወጣ አለቀልሽ" ብሏታል። ስትመለስ ከጋሸና ከተማ ወዲህ መኪናው ሲያንገጫግጫት ጆሮዋ ጭው ማለት ጀመረ፤ ይኸው እስካሁን አላቆመም። ሐኪም ከልክሎኛል እንዳትል ደግሞ "ባሏን ቀብራ ለጆሮዋ ትሳሳለች" ቢሏትስ?

ባሏ ከፋለ ሲያወራት ግንባሩን ከግንባሯ ያጋጥም ነበር። በጆሮዋ እንቢ ያለው ድምፅ በአጥንቷ ይገባላታል። ገበያ መሃል ሰው ሲስቅባቸው "ይሳቁ! የማወራው ከሚስቴ ጋር ነው" ይላል። ለአዲስ አበባ መሄጃ ይለፍ ወረቀት የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ደጅ የጠናው እሱ፣ ሐኪሙ ዘንድ ያደረሳት እሱ፤ ማስጠንቀቂያውንም አብሯት ሰምቷል። ከዚያ "አዝመራው ሳይረግፍ ልድረስ" ብሎ ተመለሰ። ትኩሳት በአምስት ቀን ጨረሰው። ዛሬ ጠዋት ስትደርስ መርዶ ነጋሪውም አትሰማም ብሎ አፉን አልከፈተም፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዶ ዘቅዝቆ አለበሳት።

አሁን አልቃሿ ወደ እሷ ዞረች፦

"ሚስትህ መጥታልሃለች ከሩቁ ከተማ፤
ዓይኗን ምን አገኘው ደረቀ እንደ አውድማ።"

ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ከበቧት። ገለቴ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። አምቃ የያዘችው ጩኸት አላስችል አላት። ይውጣ፤ ጆሮውም ይቅር፤ ከእንግዲህ ማንን ልሰማበት ነው አለች በልቧ። አፏን ከፈተች።

"ልቀቋት!"

የከፋለ እናት እማማ ሸጌ ነበሩ። ሦስት ቀን ሲጮኹ ድምፃቸው ሻክሯል።

"ልጄ ሲያጣጥር የተናዘዘኝ ይሄን ነው። 'ሞቼ ብትደርስ እንኳ አታስለቅሷት፤ ጆሮዋ ይጠፋል' አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ቃሉን ደብቄው ዋልሁ። ልጄን አፈር አልብሼ የእሷ መዳን አናደደኝ፤ ይቅር ይበለኝ!"

የገለቴ እጅ ከክንዷ ላይ ላላ።

አሮጊቷ ሰው እየገፉ መጡ። "አታልቅሺ ልጄ፤ ያንቺንም እኔ አለቅስልሻለሁ" አሏት። ወዲያው እንደ ድሮው የማትሰማ መሰላቸውና፣ ልጃቸው ያደርግ እንደነበረው ግንባራቸውን ከግንባሯ አጋጥመው ያንኑ ቃላቸውን ደገሙላት።

ደብሪቱ የመጀመሪያውንም በጆሮዋ ሰምታ ነበር። ግንባሯን ግን አላነሳችም።